የአማቼ የዉዱእ ውሃ

ሰኞ፣ ግንቦት 7 ቀን 1998 ዓ.ም.

ባለቤቴን ዘሀራን ምጥ ያዛት። በአባቴ አሮጌ ላንድሮቨር ከባቲ ወደ ኮምቦልቻ ሆስፒታል ከአባቷ ጋር ይዣት ወጣሁ። ዳገቱ ላይ ራዲያተሩ ፈላ፤ የጀሪካኑን ውሃ ደግሞ ታች ጨርሼዋለሁ። አባቷ ከሶላት በፊት ሊታጠቡበት የያዙትን የዉዱእ ውሃ ሰጡኝ።

«እኔ በውሃው ፈንታ መዳፌን አፈር አስነክቼ ተየሙም አደርጋለሁ» አሉ።

ዘሀራ ስትጮህ ክዳኑን በትኩሱ ልከፍት እጄን ሰደድኩ።

«ተው! ፊትህን ይልጠዋል፤ በረድ ይበል!» ብለው ተቆጡኝ። ወደ እሷ ዞረው «ኦብሲ ልጄ፣ ትንሽ ቻይው» አሉ።

እሳቸው ሲሰግዱ እኔ መኪናዋን እሳደብ ነበር፤ አላህ ይማረኝ። ሲበርድ ውሃውን ጨመርኩ፣ እንደ ምንም ደረስን።

ካስገቧት ወዲህ ማንም ወጥቶ ምንም አልነገረንም። ቧንቧው አጠገባችን ነው። አማቼ ግን ዓይናቸውን ከበሩ ሳይነቅሉ የመዳፋቸውን አፈር እስካሁን አልታጠቡም።