አንገቴን ሳልደፋ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬ ሰባት ስልክ ጠገንኩ። ሦስቱ ስክሪን ብቻ፣ አራቱ የውስጥ ቦርድ። ቬንቲላተሩ የሚረጨው ሙቅ አየር ነው። ከጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት ማጉያ መስታወቱ ላይ እንደተደፋሁ። ልነሳ ስል አንገቴ እምቢ አለ። ደረቀ። ቀኝ እጄ ደንዝዞ የብየዳ ካውያው ወደቀ... የጎረቤቴን የበለጡን ስልክ ጠርዝ አቃጠለው። ሻይ ቤቷ ከሱቄ ጎን ነው፤ ስለምንዋደድ ሳቀች። ሌላ ሰው ቢሆንስ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ወንድሜ ጌቾ የጭነት መኪናውን ይዞ ከአዲስ አበባ ገባ። ወደብ ላይ ጭነት እስኪደርሰው ሱቅ መጣ። ሲጠራኝ መላ ሰውነቴን አዙሬ አየሁት።

«እስከ ታኅሣሥ ካልተሻለሽ ሱቁን ለኢስማኤል እናስረክበው» አለ። ኢስማኤል ከፊት ለፊት ያለው የስልክ ካርድ ሻጭ ነው። የሱቃችንን ቦታ ሲመኝ ሁለት ዓመቱ።

ሱቁ በሁለታችን ስም ነው። ሰፈራችን ካርቲየ 5 ውስጥ ቦርድ የምትጠግን ሌላ ሴት አላውቅም። አልሰጥም! ... ግን እጄስ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ፊዚዮቴራፒስቱ ሙሚን ዘንድ ሄድኩ። ድሬዳዋ ስላደገ አማርኛው ከእኔ ይፈጥናል። እጄን መረመረ፤ በጊዜ መጥተሻል አለኝ። ከዚያ ማጅራቴ ላይ ሽቦ ያላቸው ትንንሽ ተለጣፊዎች አደረገ። ጡንቻው ሲሠራ ኮምፒዩተሩ ላይ መስመር ይንቀጠቀጣል።

«ቀስ ብለሽ እስከ መጨረሻው አቀርቅሪ።»

አቀረቀርኩ። መስመሩ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ጸጥ።

«አረፈ ማለት ነው?»

«ጡንቻው ለቀቀ። አሁን ጭንቅላትሽን የያዙት ጅማቶችሽ ናቸው።»

አሥር ደቂቃ እንደዚያው አቆየኝ። ቀና አደረገኝና እንደገና አስቀረቀረኝ። በዚህኛው ጸጥታው ዘገየ። ይንቀጠቀጣል፣ ይንቀጠቀጣል...

«ጅማቱ ሲላላ ጡንቻው የእሱንም ሥራ ደርቦ ይሠራል። ይህ የአሥር ደቂቃ ነው። አንቺ በቀን ስንት ሰዓት?»

አምስት። ስድስት። አፈርኩ።

«ሥራዬን ልተው?»

«መደፋቱን ተይ እንጂ ሥራሽን ማን ተይ አለሽ!»

ሳልደፋ እንዴት ይታየኛል?

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ከቅዳሴ ስመለስ መጣልኝ! ካሜራ ቦርዱን ይይ። እኔ ምስሉን ቴሌቪዥን ላይ ልይ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27

አሮጌውን ቴሌቪዥን ግድግዳው ላይ፣ ልክ ከዓይኔ ትይዩ ሰቀልኩ። ከአሮጌ ስልክ የፈታሁት ካሜራ ላይ የማጉያውን መስታወት ገጥሜ፣ ከቦርዱ በላይ አስሬ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁት። ግን እጄ እዚህ፣ ምስሉ እዚያ... ወደ ግራ ስገፋ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ስለማመድ አራት የሞቱ ቦርዶች አቃጠልኩ። ኢስማኤል በበሩ እያየ «ፊልም ቤት ከፈትሽ እንዴ?» አለ። አምስተኛውን ቦርድ አነሳሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

ካሜራውን ገልብጬ አሰርኩት። ግራው ግራ ሆነ!

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬን ሳልጽፍ አልተኛም!

ፀዳል የምትባል የወደብ ጸሐፊ ውኃ የገባበት ላፕቶፕ ይዛ መጣች። የመመረቂያ ጽሑፏ ውስጡ ነው፤ ሌላ ቅጂ የላትም። ማስረከቢያዋ ነገ። ሁለት ጠጋኞች «አይሠራም» ብለው መልሰዋታል። ተቀበልኳት። ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ፣ ዓይኔን ቴሌቪዥኑ ላይ ተከልኩ። በየሃያ ደቂቃው ተነስቼ ትከሻዬን አፍታታሁ። ፀዳል ጥፍሯን ትበላለች።

ለካ ቴሌቪዥኑ ከመንገድ ይታያል! መጀመሪያ በለጡ ቆመች፣ ከዚያ ሾፌሮች፣ ከዚያ መንገዱ ሁሉ። የካውያዬን ጫፍ እንደ ኳስ ጨዋታ ያያሉ። በሦስተኛው ሰዓት የመጨረሻዋን ነጥብ በየድኩ። ቁልፉን ተጫንኩ። ጨለማ... ጨለማ... በራ! ጩኸቱ! ፀዳል ጽሑፏን ከፍታ አለቀሰች። ከሁሉ በላይ የጮኸው ኢስማኤል ነው፣ ይታያችሁ!

ጌቾ ከሕዝቡ መሃል ወጣ። ለካ ከወደብ መጥቶ ቆሟል።

«ስርጉትዬ» አለኝ፣ «ያልኩሽን እርሺው። ሱቁ ያንቺ ነው።»

አንገቴ? እስኪጠይቀኝ ድረስ ትዝ አላለኝም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5

ሙሚን እንደገና ለካኝ። ከሦስት ሰዓት ሥራ በኋላ ቀጥታ። አቀረቀርኩ፣ መስመሩ በጊዜው ጸጥ አለ። «ሌሎቹን ታካሚዎቼን ልላክልሽ፣ አሠራርሽን አሳዪያቸው» አለ። ልብስ ሰፊዎቹን ማለቱ ነው፤ እነሱም ተደፍተው ነው የሚውሉት።

ከሰዓት ጌቾ ሰሌዳ አሠርቶ መጣ። ከላይ በፈረንሳይኛ፣ ከታች በአማርኛ፦ «ስርጉት የሞባይልና የላፕቶፕ ጥገና»። የእሱ ስም የለበትም። መሰላል ላይ ወጥቶ «ይበቃል?» አለኝ።

«ከፍ አድርገው።»

«አሁንስ?»

«ጨምር!»

ከጣሪያው ጫፍ ሰቀለው። መንገዱ መሃል ቆሜ፣ ጭንቅላቴን ወደ ኋላ ጥዬ ሁለቱንም መስመር አነበብኩ። ደግሜም አነበብኩ።