ለጄኔራሉ ስም

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14፣ ጠዋት

ባቡር ላይ። ወደ ኤርፖርት። እስከ ምሳ አራት መንገደኛ በዊልቸር ከገፋሁ ይበቃኛል። ደብተሬ፣ የትናንቱን የሥዕል ትምህርት ልንገርህ። ኮልፋክስ መንገድ ያለው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መምህሯ የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ የተሣሉ ካርቱኖች አሳየችን፤ ሁሉም በጦርነት የሚያላግጡ። ቦርጫም ከበርቴ መድፍ ያጎርሳል፤ የሚያጎርሰውም ጥይት ሳይሆን ወጣት ነው። በየሰዉ ሆድ ላይ ስም ተጽፏል፤ ይሄ «ትርፍ»፣ ያ «ክብር»። ማንም እንዳይሳሳት። የራሳችሁን ሥሩ አለች። አዲስ አበባ ስንት ዓመት ታፔላ የጻፍኩ ሰው ነኝ። ከክፍሉ የሚያክለኝ የለም። ይህን ላንተ ብቻ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 16፣ ከሰዓት

ካርቱኔን ጨረስኩት። ለቅሶ ቤት ነው። ጄኔራሉ ሊያጽናና መጥቶ ከሐዘንተኞቹ ሁሉ አብልጦ ያለቅሳል። በአንድ እጁ መሐረብ፣ በሌላው የምልመላ መዝገብ። እናትየው ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወንበር ላይ። እውነት ለመናገር የገዛ እጄን መሳም አማረኝ።

እሑድ በአገር ልጆች ማኅበራችን አዳራሽ የአባላት ሥዕል ይሰቀላል። ለሰብሳቢው ለአቶ ግርማ በስልክ ላክሁላቸው፤ የድሮዎቹ ካርቱኒስቶች ሆድ ላይ ስም ይጽፉ እንደነበርም አወራኋቸው። ሳቁ። ቆይተው ደወሉ። ኮሚቴው ተጣልቷል፤ ገሚሱ የእኛን ሰው ሰደበ፣ ገሚሱም የእኛን ሰደበ ይላል። የማን ጄኔራል እንደሆነ ስም ይጻፍበት፣ ያለዚያ አይሰቀልም። የድሮዎቹ ይጽፉ ነበር ያልከኝ ራስህ ነህ አሉኝ። ምላሴ ጉድ ሠራኝ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18

ሥዕሉን ይዤ ቶርንተን፣ ታላቅ እህቴ እትዬ አልማዝ ዘንድ። ልጇ ዳዊት አገር ቤት በጦርነቱ የሞተባት። እሷ ይሁን ካላለች አልሰቅለውም ብዬ ነው። እንደምታደንቀኝም እርግጠኛ ነበርኩ።

የማን ወገን ነው አላለችም። ብዙ አየችው። ሐዘንተኛዋን ወንበር ላይ ማን አስቀመጣት አለችኝ።

እውነቷን ነው። የልጅ ሐዘን የገባባት እናት መሬት፣ ፍራሽ ላይ ነው የምትቀመጠው። ሃያ ዓመት የፈረንጅ ቀብር ሳይ ይህም ጠፋኝ። አፈርኩ። እርሳስ አውጥቼ እዚያው አወረድኳት። ወንበሩን ለጄኔራሉ ሰጠሁት። ሥዕሉ ወዲያው ነፍስ ዘራ።

ደስ ብሎኝ መልሼ አሳየኋት። አሁን ልክ ነው አለች። የዳዊት ለቅሶ ላይም እንዲህ ነበር፤ እኔ ፍራሹ ላይ፣ አንተ ወንበሩ ላይ፣ ልጅሽ ጀግና ነው ኩሪ ስትለኝ፣ አለችኝ። አልተቆጣችም። ሻይ ቀዳችልኝ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 19፣ ጠዋት

ደብተሬ፣ አንተን አልደብቅህም። ዳዊት ሊዘምት ሲል ከአገር ቤት ደውሎ ምክር ጠይቆኝ ነበር። ሂድ፣ ጎበዝ፣ ታኮራናለህ አልኩት። እዚህ አውሮራ ቤቴ፣ ሶፋዬ ላይ ተጋድሜ፣ የቲቪውን ኳስ ድምፅ ቀንሼ። ለቅሶው ላይ ከሁሉ አብልጬ ያለቀስኩትም እኔ ነኝ።

አሁን አቶ ግርማ ደወሉ። አዳራሹ ተከፍቷል፣ ስሙን ጻፍክ ወይ። እየጻፍኩ ነው አልኳቸው። የማንን አሉ። ሲሰቀል ያያሉ አልኩ።

የታፔላ ብሩሼን አጥቤያለሁ። የጄኔራሉን ፊት አጥፍቼ፣ መስታወት ፊት ለፊቴ አቁሜ እንደገና ሣልኩት፤ መነጽሬን፣ ራሰ በራዬን፣ ሁሉንም። ደረቱ ላይ በትልቁ፣ ከአዳራሹ በር እንዲነበብ አድርጌ፣ የራሴን ስም ከነአባቴ ጻፍኩት።