ጠረፍ በሳፋ

ሰኞ

"ባሕር ዳር ምን ይመስላል? ሥላችሁ ኑ" አላቸው ወንድሜ ነስሩ ተማሪዎቹን፤ ከተማውን ሥለው መጡ። ዘንባባ፣ ባጃጅ፣ ሐይቅ ውስጥ የተኛ ጉማሬ። የሥዕሉን ክምር ይዞ ሱቅ መጣና የቀለም ጣሳዎቹ ላይ ዘረጋው። መጀመሪያ ይስቅ ነበር፤ ቆይቶ ሥዕሎቹን መልሶ ሰበሰባቸው።

እሱ የፈለገው ባሕርና የብስ የሚገናኙበትን ቦታ ነው። ለአዲስ አበባ ልጅ ግን ባሕር ዳር አውቶቡስ የሚሄድበት ከተማ ነው። አንዷ ሙሽራና ሚዜዎች ሥላለች፤ "ቲቸር፣ አክስቴ የተዳረችው እዛ ነው" ብላዋለች። አንዱ ደግሞ ወረቀቱን ሙሉ በሙሉ ሰማያዊ ቀብቶታል። "ይሄ ምንድን ነው?" "ባሕር።" "ዳሩስ?" "ወረቀቱ አለቀ።"

ነስሩ ከሳሊተ ምሕረት ብዙ በማይርቅ የግል ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል ማኅበራዊ ሳይንስ ያስተምራል። ገና በሙከራ ጊዜ ላይ ነው። የሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ምክትል ርእሰ መምህርቷ፣ ወይዘሮ ስንዱ፣ ክፍል ገብተው ያዩታል። ትምህርቱ ስለ ባሕር ጠረፍ ነው። ከወደዱት ቋሚ ይሆናል፤ ካልወደዱት ይሰናበታል። ባለፈው ገብተው ሲወጡ "ድምፅህ ጥሩ ነው፤ ልጆቹ ግን ተኝተዋል" ብለውታል።

የእኔን ነገር ደግሞ እዚህ ልጻፍ፤ ሌላ ቦታ አልናገረውም። ለሚ ኩራ ሁለተኛ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ተከራይቻለሁ። መደርደሪያው ገብቷል፣ መብራቱ ተቀጥሏል። የጎደለው ሰው ነው። ሒሳብ የሚያውቅ፣ ደንበኛ የማያመናጭቅ፣ እጁ የማይረዝም። እንዲህ ያለ ሰው የማውቀው ነስሩን ብቻ ነው። ከትምህርት ቤቱ ቢሰናበት ለእኔ ይመቸኛል።

ማክሰኞ

ሻይ እንኳን ሳይቀምስ ጀመረ፦ "እትዬ፣ ባሕሩን ክፍል ውስጥ አስገባዋለሁ።"

ሐሳቡ እንዲህ ነው። ትልቅ ሳፋ፤ በአንድ በኩል አሸዋ ተከምሮ እንደ ገደል ይቆማል፣ በሌላው በኩል ውኃ። ልጆቹ በባልዲ ክዳን ውኃውን እየገፉ ማዕበል ይፈጥራሉ። አንዱ ቡድን ይገፋል፣ አንዱ የጠረፉን መስመር ይሥላል፣ አንዱ በጠርሙስ ክዳን ቤት ይሠራል፣ አንዱ ቤቱን ከውኃ የሚያድንበትን መላ ይፈልጋል። በመጨረሻ ምን እንደተሸረሸረና የተሸረሸረው የት ሄዶ እንደተከማቸ ይናገራሉ።

መጥፎ አይደለም። የሱቅ ሰው ጥያቄ ጠየቅሁት፦ ውኃው ሲፈስ ማን ይወለውላል? የረጠበ ልጅ እናት ስትመጣ ማን ያነጋግራታል? አላሰበበትም። ወለሉ ላይ የሚነጠፍ ላስቲክ ቆርጬ ሰጠሁት፣ መወልወያም ጨመርኩ። ሳፋውን ከጎረቤት የፕላስቲክ ሱቅ አስመጣሁ። አሸዋና ጠጠር እኔ ጋ ሞልቷል።

ከወጣ በኋላ ራሴን ታዘብኩት። እንዲቀር እየፈለግሁ እንዲያልፍ እያገዝኩት ነው። ሁለቱም ከእኔው የወጣ ነው፤ አላጣላኋቸውም።

ረቡዕ

በጓሮ ሞከርነው። ሠራ። ክዳኑን ቀስ አድርጎ ሲገፋ የገደሉ እግር ተበላ፤ ከላይ ያለው እንደ ቆመ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ተደረመሰ። ነስሩ እንደ ልጅ ጮኸ። አንድ ቀለም ገዢ ምን እንደሆነ ሊያይ መጣ፣ እሱም ቆሞ ቀረ።

አሸዋ የሚያመጣልን ሾፌር ጋሽ ተካ መኪናውን አራግፎ ሲያበቃ ደረሰ። ዕድሜውን በጅቡቲ መንገድ የፈጀ ሰው ነው። ነስሩ ለልጆቹ የሚነግረው ነገር ሊቃርም ደብተሩን አወጣ።

"ጋሽ ተካ፣ እስቲ ባሕሩን ይንገሩኝ። ጠረፉ ምን ይመስላል?"

"ወረፋ ነው።"

"አይ፣ ውኃው…"

"ልጄ፣ ከፊቴ መኪና፣ ከኋላዬ መኪና። ከዚያ ክሬን። ከዚያ ወረቀትህን ተቀብለህ ወደ አገርህ። ባሕሩን ማን አይቶት? ብቻ ሙቀቱ! ሙቀቱን ንገራቸው።"

ነስሩ "ሙቀት" ብሎ ጻፈ። ጋሽ ተካ እንደ መሄድ ካለ በኋላ ተመልሶ ክዳኑን ተቀበለውና ራሱ ገፋው። ሌላውን ገደል አፈረሰ። "ይሄ ይሻላል" ብሎ ሄደ።

ሐሙስ

ለሚ ኩራ ዋልኩ። በሱቄ ዙሪያ የማይገነባ ነገር የለም፤ ያላለቀ ቤት ሁሉ ለእኔ ደንበኛ ነው። ግን የቀጠርኩት ቧንቧ ሠራተኛ ብቻውን ውሎ ሁለት የቧንቧ መክፈቻ የት እንዳደረሰ አያውቅም። በዚህ ወር መክፈት አለብኝ።

ነስሩ ጠዋት ከሱቅ ኖራ ወስዶ ነበር፤ ስመለስ ነገረኝ። ሜዳው ላይ በኖራ ረጅም መስመር አስምሮ "ይህ ጠረፍ ነው" ብሏቸዋል። እያንዳንዱ ልጅ ባቄላ ይዞ ወደ መስመሩ በሰያፍ ይሮጣል፣ ባቄላውን ያስቀምጣል፣ በቀጥታ ይመለሳል፤ ተከታዩ ያን ባቄላ አንሥቶ በመስመሩ ላይ ትንሽ ራቅ አድርጎ ያኖረዋል። ብዙ ሲደጋገም ባቄላው ሁሉ ከሜዳው አንዱ ጫፍ ተከማቸ። ማዕበል በሰያፍ ሲመታ አሸዋን በጠረፉ ላይ የሚያጓጉዘው እንዲህ ነው። አንዱ ልጅ አኩርፎ፦ "ቲቸር፣ ሁልጊዜ እኔን አሸዋ ታደርገኛለህ!"

"ባሕር ዳር" የሚለውንም ፈታው። ሰሌዳው ላይ ሁለት ዓምድ፦ ከተማውና ጠረፉ። አሁን ልጆቹ አንዱ ተሳስቶ "ባሕር ዳር" ሲል በአንድ ድምፅ "ትኬት ቆርጠሃል?" ይሉታል።

እየወደዱት ነው። ይህን ሳስብ ያልተከፈተው የለሚ ኩራው ሱቅ መዝጊያ ታየኝ።

ዓርብ

ከጁምዓ በፊት ሱቁን ልዘጋ ስል ነስሩ ደወለ። አሸዋውን ነገ ጠዋት ይወስዳል፣ ቅዳሜ ለማጠናከሪያ ትምህርት ግቢው ስለሚከፈት ያኔ ሳፋውን ያዘጋጃል። ሰዓት አልነበረኝም። ጆንያ አንሥቼ መጋዘን ውስጥ ካለው ክምር፣ ከማዕዘኑ በኩል፣ ራሴ በአካፋ ሞላሁለት። አሥሬ በሩ ሥር አቆምኩት።

ከሰዓት ገበያ ቀዝቃዛ። ጀሶ ብቻ ሄደ።

ቅዳሜ

በባጃጅ ወሰደው። ወደ ቀትር ደወለልኝ፤ ደስ ብሎታል። "እትዬ፣ የዛሬው አሸዋ እንዴት ይታዘዛል መሰለሽ! ገደሉን ሠራሁት፣ ባሕረ ሰላጤ ቆፈርኩለት፣ ባሕረ ገብ መሬት አወጣሁለት። ፍንክች አይልም።" እንዳይደርቅ አርጥቦ በላስቲክ ሸፍኖታል።

ጥሩ አልኩት። ደንበኛ ቆሞብኝ ነበር።

እሑድ

እናታችን ከወራቤ ደወለች። ለጎረቤት ሁሉ "ልጄ መምህር ነው" ብላ ጨርሳለች። እኔ ነጋዴ መሆኔን ለማንም ስትናገር ሰምቻት አላውቅም፤ ግን ቤቷ የተሠራው በምን እንደሆነ ታውቃለች። አልተቀየምኩም።

ነስሩ ምሳ እኔ ጋ በላ። እጁን እየታጠበ፦ "ማክሰኞ ካልሆነልኝ ለሚ ኩራን እከፍትልሻለሁ።" ነግሬው አላውቅም። ሳህን እያነሣሁ "ማን ነገረህ?" አልኩት። "መደርደሪያውን ሳይ ለቁመቴ ነው የተሠራው" አለ።

እውነቱን ነው። አናጢውን በነስሩ ቁመት ልክ ነበር ያዘዝኩት።

ሲናገር አላዘነም፣ ደስም አላለውም። መርፌ ሊወጋ ተራ የሚጠብቅ ሰው ይመስል ነበር።

ሰኞ

ጠዋት ገና ሱቁን ሳልከፍት ስልክ። "እትዬ፣ ነዪ። ጠረፉ ድንጋይ ሆኗል።"

ሄድኩ። ሳፋው ጥግ ላይ ነው። ገደሉ፣ ባሕረ ሰላጤው፣ ሁሉም እንዳማረበት ቆሟል። በጥፍሬ ጫርኩት፤ ጥፍሬ ተሰበረ። መልኩን አይቼ ወዲያው አወቅሁ። ሲሚንቶ ገብቶበታል። የተቀደዱ የሲሚንቶ ጆንያዎች የምናቆመው ከአሸዋው ክምር አጠገብ፣ ማዕዘኑ ላይ ነው። የፈሰሰውን ከአሸዋው ጋር ዝቄ ሰጥቼዋለሁ፤ እሱ ውኃ አጠጥቶ ሸፈነው። ግንበኛ እንኳን ከዚህ የተሻለ አይንከባከበውም።

ነገርኩት። ሳፋውን አላየም፣ እኔን ነው ያየው።

"ሆን ብለሽ ነው?"

"ሲሚንቶ እንዲህ ተወዶ?" አልኩት።

አልሳቀም። የሚሠራ ሥራ ነበር።

በመዶሻ ላፈርሰው አልኩ፤ ከለከለኝ። እየዞረ ሲያየው ቆየ። ከዚያ "ውስጡ እንዳለ ይውጣ" አለ። ሳፋውን በሴጌቶ መጋዝ ቀደድነው፤ ጠረፉ ሙሉውን ወጣ፣ ሁለታችንም ተሸክመን አስቀመጥነው። እኔ ሱቅ ሄጄ ሌላ ሰፊ ሳፋ አመጣሁ። አሸዋም አመጣሁ፤ ይኼን ከአዲሱ ክምር፣ በወንፊት ነፍቼ፣ ውኃ ውስጥ ፈትሼ። ነስሩ ከደረቀው ጠረፍ አንድ ቁራጭ በመሮ ሰበረና ከለስላሳው አሸዋ መሐል ቀበረው። "ግንብ ነው" አለ። "ሰዎች ጠረፍ ላይ ግንብ ይሠራሉ።"

"እንዴት እንደሚሆን ታውቃለህ?"

"በመጽሐፍ አውቃለሁ። በሳፋ አላውቅም። ለመሞከሪያ ጊዜ የለም።"

ስንለያይ እንደ ወትሮው አላቀፈኝም።

ማክሰኞ

ባልዲ ይዤ ነበርና ዘበኛው አላስቆመኝም። ውኃውን ክፍል አስገብቼ መውጣት ነበረብኝ። ወጣሁ፤ ግን በኮሪደሩ መስኮት በኩል ቆምኩ።

ወይዘሮ ስንዱ ከኋላ ወንበር ላይ፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ። ነስሩ ጥቂት ተናገረና ለልጆቹ ለቀቀላቸው። ሁለት ወንዶች የባልዲውን ክዳን ያዙ። በጠርሙስ ክዳን የተሠሩት ቤቶች ተደረደሩ፤ ገሚሶቹ ከግንቡ ጀርባ፣ ገሚሶቹ ከግንቡ ጎን ባዶ አሸዋ ላይ።

"ማን የሚተርፍ ይመስላችኋል?" ሁሉም ግንቡን ጠቆሙ።

ማዕበሉ ጀመረ። ግንቡ አልተነቃነቀም። ውኃው ግን ግንቡን መትቶ ሲመለስ ወደ ጎን ዞረ፤ ከጎኑ ያለውን አሸዋ ከወትሮው ፈጥኖ በላው። ቤቶቹ አንድ በአንድ ገቡ። ከግንቡ ጀርባ ያሉት ደረቅ ናቸው።

ሙሽራ የሣለችው ልጅ ጮኸች፦ "ቲቸር! እነሱ ግንብ ስለሠሩ የእኛ ቤት ፈረሰ!"

"ማን ከለከላችሁ፣ እናንተም ሥሩ!" አለ ክዳን የያዘው።

"የት እንሥራ? መሬቱን በላኸው!"

ክፍሉ ተናወጠ። ነስሩ ዝም እንዲሉ አላደረገም፤ መስመሩን የሚሥሉትን "ሣሉት፣ ሳይጠፋባችሁ ሣሉት" እያለ ዞረ። ያኔ ወይዘሮ ስንዱ ተነሡ። እኔ አለቀ አልኩ። ሳፋው ዘንድ መጥተው ጎንበስ አሉና ልጅቷን ጠየቋት፦ "ታዲያ ምን ይደረግ?"

ልጅቷ አላመነታችም። "ካሳ ይክፈሉን።"

"ምትክ ቦታም!" አለ አንዱ ከኋላ።

ወይዘሮ ስንዱ ሳቃቸውን በመሀረብ ያዙት። ከዚያ ኮስተር ብለው ነስሩን "ይህ ግንብ መማሪያ መጽሐፉ ላይ የት ነው ያለው?" ሲሉት ሰማሁ። መልሱ አልተሰማኝም፤ ዘበኛው መጥቶ "እመቤት፣ ባልዲው ባዶ ነው" አለኝ።

ከሰዓት ነስሩ ሱቅ አልመጣም። አልደወለምም። እኔም አልደወልኩም። የለሚ ኩራውን ሱቅ ሊይዙ የሚችሉ ሁለት ሴቶችን ስም ከዘመድ ጠይቄ ያዝኩ። ነስሩ ቢሰናበት የሚለውን አላሰብኩትም ማለት አይደለም።

ረቡዕ

አንድ አባት ሱቅ መጣ። ሲሚንቶ ሊገዛ መስሎኝ ነበር። ሳፋና ትንሽ አሸዋ ፈለገ፤ ነስሩ የሚያስተምራት ልጁ የኮንዶሚኒየሙን መታጠቢያ ቤት ጠረፍ አድርጋ ከታች ያለው ጎረቤት ድረስ አንጠባጥባበታለች። "በሳፋ አድርጊው ብዬ ተስማማን" አለ። ሸጥኩለት። አሸዋውን በወንፊት ነፋሁት።

ከቀትር በኋላ ነስሩ ደወለ። ድምፁን ሰምቼ አወቅሁ። ቋሚ አድርገውታል፤ ነገ ይፈርማል። ወይዘሮ ስንዱ መጽሐፉ ላይ የሌለ ነገር ለምን እንዳስገባ በጽሑፍ እንዲያስረዳ አዘውታል፤ ከዚያ በሌላውም ክፍል ይድገመው ብለዋል። እንኳን ደስ አለህ አልኩት። ከልቤ ነበር፤ ግን ለሚ ኩራም ትዝ ብሎኝ ነበር። ነገ ከሴቶቹ አንዷን አነጋግራለሁ። መደርደሪያውን ዝቅ ማስደረግ ያስፈልጋል።

ትናንትና ዛሬ ያን ዓርብ ሳስበው ውያለሁ። ቸኩዬ ነበር፤ እውነት ነው። የተቀደዱት ጆንያዎች የት እንደሚቆሙ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ይኼም እውነት ነው። ክምሩ ሰፊ ነው፤ አካፋዬ ወደ ማዕዘኑ ሄደ። ከዚህ በላይ አላውቅም።

"እትዬ፣ ለሌላው ክፍል አሸዋ ላኪልኝ" አለ ስልኩን ሊዘጋ ሲል።

"አልልክም። ራስህ መጥተህ ሙላ" አልኩት።

ሳቀ። እኔ ግን አልቀለድኩም።