የጦር አዛዡን ማን አጎረሰው?

ልጄ ሔርሞን፣ በሄድሽበት ጃፓን እመብርሃን ጥላ ከለላ ትሁንሽ።

እኔ ደህና ነኝ። ቶሮንቶ በረዶው ገና አልለቀቀም፤ የሕንፃችን ሊፍትም እንደገና ተበላሽቷል።

ስለምታጠኚው የሳሙራይ ጦር አዛዥ የነገርሽኝ ከልቤ አልወጣ አለ። ያን ሁሉ ሠራዊት እየመራ፣ መርዝ ፈርቶ ምግቡን ሌላ ሰው ሳይቀምስለት አይበላም ነበር አልሽ። ታዲያ ማን አጎረሰው? የሚያጎርሰው የሌለው ሰው ምኑን ጌታ ሆነ!

ትናንት ሽሮ ሠርቼ፣ ልማድ ሆኖብኝ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልዬ ወደ ወንበርሽ ዘረጋሁ። እጄ እንደተዘረጋ ቀረ። መልሼ ራሴ ጎረስኩት።

አንቺ ግን ብቻሽን አትብዪ። ጎረቤት ጥሪና አጉርሺ፤ መጀመሪያ ቢደነግጡም ይለምዱታል።

አምላክ በሰላም ያገናኘን። ስትመጪ ሁለቴ ታጎርሺኛለሽ፤ አንድ ያጣላል።

እናትሽ ዓለምሸት