ከእሑድ በኋላ የአባቴን ምሳ ማን በላው?

ለተከበሩ የማረፊያ ቤቱ ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ትንፋሽዎ ሳይቆራረጥ ወጣ ገባ እንደሚል፣ የሚወስዱት መድኃኒት ካለም ከእጅዎ እንደማይርቅ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ «ለአንድ ሰዓት ጥያቄ ትፈለጋለህ» ተብሎ ግቢዎ ገብቶ አሥራ ሦስት ቀን የቆየው የልብስ ሰፊው ልጅ ነኝ። ዕድሜዬ አሥራ ስድስት ስለሆነ ፊርማዬ አይሠራም። አፌ ግን ይሠራል፤ ይህንን የሰፈራችን ሽማግሌዎች በየዕለቱ እያዘኑ ይመሰክሩልኛል።

የምጽፍልዎ ለማመስገን ነው፤ ምስጋናዬም ብዙ ስለሆነ በቁጥር ላቅርበው።

አንደኛ፣ ስለ አደራ ጠባቂነትዎ። አባቴ አስም ነበረበት። እናቴ በመጀመሪያው ቀን በአፍ የሚሳበውን መድኃኒቱን ከሐኪም ወረቀት ጋር ለበር ጥበቃው ስትሰጥ፣ ጥበቃው ተቀብሎ የአባቴን ስም ለጠፈበትና መሳቢያ ውስጥ ቆለፈው። ታሳሪ ዕቃ ይዞ አይገባም፣ ሲያስፈልገው ይጣራል አላት። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ድምፁም እንደሚያጥረው ደንቡን ያወጣው ሰው አልተነገረውም መሰለኝ። አብሮት ታስሮ የነበረውና ሰኞ የተፈታው ጫኝ ቤታችንን አፈላልጎ ረቡዕ ሲደርስ እንዳጫወተን፣ እሑድ ንጋት ላይ አባቴ መጣራት ሲያቅተው እስረኞቹ በእሱ ፈንታ በሩን እየደበደቡ ተጣሩ። የመሳቢያው ቁልፍ ግን እረፍት በወጣ ሰው ኪስ ውስጥ ነበር። መድኃኒቱ ከጫማውና ከቀበቶው ጋር ሲመለስልን ማሸጊያው እንኳ አልተነካም። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ አደራ ጠባቂ የት ይገኛል?

ሁለተኛ፣ ስለ ምሳው። በየቀኑ ምሳ ዕቃውን ይዤ የምሰለፈው እኔ ነበርኩ። ተረኛው መዝገብ ላይ ጽፎ ያስገባዋል፣ ከሰዓት ባዶውን ይመልስልኛል። ባዶ ስል ግን በትክክል ባዶ አልነበረም፤ አባቴ ሽንኩርት እንደ ልጅ እየለቀመ ጥግ ላይ ይከምራል፣ እናቴም ያንን ክምር እያየች ደህና መሆኑን ታውቃለች። እሑድ ምሳ ዕቃው ሽንኩርት እንኳ ሳይቀርበት ተጠርጎ ተመለሰ። ሰኞም እንዲሁ። ማክሰኞ ደግሞ ከባዶው ጋር መልእክት መጣ፦ «ጨው ቀንሱ ብሏል።»

እናቴ ያን ቀን ደስ ብሏት ዋለች። አባቴ ሳይቀምስ ጨው የሚነሰንስ ሰው ነበርና፣ ሃያ ዓመት ጮኼበት ያልሰማኝን እዚያ ገብቶ ልብ ገዛ እያለች ለጎረቤት አወራች። ረቡዕ ጠዋት ጠርታችሁን ወረቀት ሰጣችሁን። የሞተበት ቀን፦ እሑድ ንጋት። ምክንያት፦ ተፈጥሯዊ።

ሦስተኛ፣ ስለ ሌላኛው ወረቀት። «ቅሬታ የለንም» የሚል፣ አስቀድሞ የተተየበ፣ ስምና ፊርማ ብቻ የጎደለው። ይህ ካልተፈረመ አስከሬኑ አይወጣም ተባልን። ታላቅ አጎቴም ሦስት ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። የሦስቱ ዕድሜ ቢደመር ከሁለት መቶ ያልፋል፤ ድፍረታቸው ቢደመር ግን የበር ደወል አያስደውልም። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ አሏት እናቴን፤ ፈርመሽ ባልሽን ቅበሪ፣ የቀሩትን ልጆችሽን አስቢ። እኔ አፌን ስከፍት፣ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ተባልኩ።

እናቴ እስክሪብቶውን አነሳች። ከዚያ ቀና ብላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ማክሰኞ ጨው ቀንሱ ብሎ የላከብኝ ማነው?»

አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አጎንብሶ ጫማውን ማሰር ጀመረ፤ ጫማው ማሰሪያ የለውም። እናቴ እስክሪብቶውን ከድና ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችው።

በዚያው ቀን አባቴ ካባዋን ይሰፋላት ወደነበረች ጠበቃ ሄድን። ቅር እንዳይልዎት እንጂ፣ ጠበቃዋ እርስዎ ንጉሥ እንዳልሆኑ አረጋግጣልናለች። የራሳችንን ሟች ለመውሰድ ቅሬታ የለንም ብሎ መፈረም ግዴታ እንዳልሆነም ነገረችን። ከቀብር በፊት እናንተ ያልመረጣችሁት ሐኪም አስከሬኑን ይመርምር፣ የበሩ መዝገብና የቁልፍ መረካከቢያው እንዳሉ ይጠበቁ ብላ ሐሙስ ለፍርድ ቤት አመለከተች። የጫኙንም ቃል ሳይረሳ፣ ወይም እንዲረሳ ሳይደረግ፣ ጽፋ አስፈረመችው። ለዐቃቤ ሕግ የወንጀል አቤቱታ፣ ለብቻው ደግሞ የካሳ ክስ ይከተላል፤ አንዱ በር ቢዘጋ ሌላው አብሮ አይዘጋም ብላናለች። የፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ትናንት ዓርብ ከሰዓት ወጥቷል። አባቴ እስካሁን አልተቀበረም። እናቴ በሌሊት ልብሱ ላይ ቁልፍ እየተከለች ትጠብቃለች፤ ልብስ ሰፊ ቁልፉ በጎደለ ልብስ አይቀበርም ትላለች።

እድሜና ጤና፣ በተለይም ጥሩ የማስታወስ ችሎታ እየተመኘሁልዎ፣ መዝገብዎን ከልብ የማከብር፣

የልብስ ሰፊው ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ትእዛዙ ሳይወጣ በፊት፣ እንደ ልማዴ ምሳ ዕቃውን ይዤ ተሰልፌ ነበር። ተረኛው የአባቴን ስም መዝገብ ላይ ጻፈ፣ ምሳውን አስገባ፣ ባዶውንም መለሰልኝ። ጨውስ እንዴት ነበር አልኩት። «ዛሬ ጥሩ ነው ብሏል» አለኝ። ቀኑና ሰዓቱ ጠበቃዋ ዘንድ ተጽፎ ተቀምጧል። ከኋላዬ ደግሞ ከአባቴ መድኃኒት ጋር አንድ ዓይነት የሆነ መድኃኒት የያዘች እናት ቆማ ነበር፤ ተቀብለው ስም ለጠፉበትና እዚያው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉት። ልጇ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ በሕይወት አለ። እሷም ከምሳ ዕቃው ጥግ የሚተርፈውን በየቀኑ እንድትመዘግብ አስተምሬያታለሁ። ቁልፉ ማን ኪስ ውስጥ እንዳለ ቢጠይቁልን።