ጊዜው ያለፈበት ፓተንት

ውድ ውዳሴ፣

«እንደምን ከርመሻል» ብዬ ለመጀመር ድፍረት አጣሁ። እንዴት እንደከረምሽ አይቻለሁ፤ ከፊሉም የእኔ ሥራ ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሽ፣ የሠራሽውን ድረ ገጽ ልታሳይኝ መጣሽ። በቆሏቸውን ተምች የበላባቸው ገበሬዎች በስልክ የሚጠይቁበት ነበር። «እናቴን ፓስዎርድ አስገቢ ብላት ስልኩን ትጥለዋለች» አልሽኝ። ስለዚህ ድረ ገጽሽ አንድ ጊዜ የመጣን ሰው ራሱ ያስታውሰዋል። ሲመለስ ምንም ሳይጠይቅ «እንኳን ደህና ተመለሱ፤ ተምቹ እንዴት ሆነ?» ይለውና የቀደመ ጥያቄውን ከነመልሱ ያወጣለታል።

እኔ የኮምፒውተር መምህርሽ እንዲያ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም ነበር። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከነከነኝ። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ስፈልግ አንድ ወረቀት አገኘሁ፤ ድረ ገጾች ተመላሽ እንግዳን የሚያስታውሱበትን ዘዴ አንድ የውጭ ድርጅት በስሙ ያስመዘገበበት ፓተንት። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማንም እንዳይጠቀምበት ይከለክላል። የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አንብቤ አተምሁት። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ወረቀቱን ከፍ አድርጌ ይዤ «ውዳሴ የሰው ንብረት ወስዳለች፤ ይሄ ሌብነት ነው» አልሁ።

ከመቀመጫሽ ተነሣሽ። «ቲቸር፣ እኔ እኮ ከማንም አላየሁም። ራሴ ነኝ ያሰብሁት።»

«ሌባም እንዲሁ ነው የሚለው» አልሁሽ።

ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ድረ ገጽሽን ልታቀርቢበት የነበረው የባሕር ዳሩ የተማሪዎች ውድድር አምስት ቀን ሲቀረው ወረቀቱን ሕግ ለተማረው ጓደኛዬ ለይታገሱ አሳየሁት፤ ጎበዝ እንዲለኝ። እሱ ግን ቀኑን ፈልጎ አነበበና ሳቀብኝ። «አምላኩ፣ ይሄ እኮ ሃያ ዓመቱን ጨርሷል። ፓተንት ጊዜው ሲያልፍ የሁሉም ሰው ነው። ልጅቷ እንደልቧ ትሥራበት።»

አምስት ቀን ነበረኝ፣ ውዳሴ። በየቀኑ ክፍል ገብቻለሁ፤ አንቺም ፊት ለፊቴ ተቀምጠሽ ነበር። በዚያ ሁሉ ተማሪ ፊት «ተሳስቻለሁ» ማለት ሞት መስሎ ታየኝና ዝም አልሁ። አንቺ ድረ ገጹ ሰው የሚያስታውስበትን ቦታ ሁሉ አጥፍተሽ በምትኩ ፓስዎርድ አስገባሽ። ባሕር ዳር ላይ ዳኞቹ የጋበዟቸው ገበሬ ለሁለተኛ ጊዜ ለመግባት ሲሞክሩ ፓስዎርዱ ጠፋባቸው። «ይሄስ ለተማረ ሰው ነው» ብለው ስልኩን መለሱልሽ። ስንመለስ አጠገቤ ተቀምጠሽ ነበር። እኔም መስኮት መስኮቱን አያለሁ።

ባለፈው ጥር ቡሬ ላይ ፎቶ ኮፒ ላስነሣ ብገባ ከማሽኑ ጀርባ ስትሠሪ አንቺን አገኘሁሽ። ከዚያ ውድድር ወዲህ ኮምፒውተር የመማር ሐሳብሽን እንደተውሽው ነገርሽኝ። «ፈራሁ ቲቸር፤ ሳላውቅ ደግሞ የሰው እወስድ ይሆናል ብዬ።» ይሄን ያልሽው ያለ ቂም ነው። ቀጥለሽም ጥግ ላይ ወደተቀመጡት እናትሽ ዞረሽ «እማ፣ ቲቸር አምላኩ እኒህ ናቸው። ከሌብነት ያዳኑኝ» አልሻቸው።

እትዬ ታንጉት ተነሥተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ልጄን ያዳኑልኝ፣ እግዜር ውለታዎን ይክፈልልኝ» ብለው መረቁኝ።

እኔም «አሜን» አልሁ።

በዚያው ሳምንት ለንስሐ አባቴ ለመምሬ ወልደ ገብርኤል ተናዘዝሁ። ሰምተውኝ ሲያበቁ «ለልጅቷ ነገርሃት?» አሉኝ።

«አልነገርኋትም፣ አባ።»

«ታዲያ ሌባ ያልኸው እኔን ነው እንዴ? በል፣ መጀመሪያ እሷ ጋ።»

ይህንንም ከሰማሁ በኋላ ወራት አስቆጥሬያለሁ። እስከዚህ ድረስ ፈሪ ነኝ።

ትናንት ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ድምፅ ማጉያውን ተቀበልሁና በተማሪውና በመምህሩ ፊት ሁሉንም ተናገርሁ። ስምሽን ጠርቼ ከማንም እንዳልወሰድሽ፣ እኔም እውነቱን አውቄ ዝም እንዳልሁ። ወረቀቱን ቀኑ ላይ አስምሬበት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ለእናትሽ ራሴ መጥቼ እነግራቸዋለሁ፤ ቀኑን አንቺ ቁረጪ። ይቅርታ እለምንሻለሁ፤ ይቅር የማለት ግዴታ ግን የለብሽም።

ተናግሬ ስጨርስ ከዘጠነኛ ክፍል ሰልፍ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እና ልጅቷ አሁን ምን ትሠራለች?»

ድምፅ ማጉያውን ለርእሰ መምህሩ መለስሁ።

የበደለሽ መምህርሽ፣
አምላኩ
ፍኖተ ሰላም