ሁለት ፋኖስ በሰገነቱ ላይ

ጥቅምት 3 ቀን 1930
ጠዋት ቡና አሰጣሁ። ቀትር ላይ ዲሪቤ ከኖፓ ማር ይዛ መጣች። ማሩ ሰበብ ነው፣ የምታመጣልኝ የባሌን ወሬ ነው። ሰማን ጫካ ከገባ አምስት ወሩ...
"ጢሙ አድጎ አድጎ፣ ያንቺ ባል መሆኑን እኔም ተጠራጠርኩ" አለች። ሳቅሁ።
ጣሊያኖቹ ከቤታችን በታች ካለው መንገድ አልተነሱም። ምልክታችን እንደ ነበረ ነው በይው አልኳት፦ ሰገነቱ ላይ ፋኖስ ከበራ ይምጣ፣ ከጨለመ እንዳይሞክር።

ጥቅምት 6
አንድ ጣሊያን መሐንዲስ መጣ። አስተርጓሚው አራርሳ አብሮት ነው። የአማቴ አባት ያሠሩትን የሰገነቱን የእንጨት ቅርጽ በእጁ እየዳሰሰ አደነቀ። ከጎሬ ትልቅ ሹም ስለሚመጣ፣ ከነገ ጀምሮ ሦስት ማታ የመቱ አሮጌ ቤቶች በፋኖስ ይድመቁ ተባለ። ሦስት ቤት መረጠ። ከጫካው በኩል የሚታየው የእኛ ብቻ ነው።
"አራርሳ፣ እታች በሩ ላይ ብናደርገውስ?"
"እትዬ ሻሚ፣ ብርሃኑ ቅርጹ ላይ ካልወደቀ ምን ዋጋ አለው ይላል። እምቢ ያለ ቤቱ ይቃጠላል።"
ዲሪቤ የምትመጣው ለገበያ፣ ገና ከአራት ቀን በኋላ። ማንን ልላክ?

ጥቅምት 7
አገኘሁት መሰለኝ። ምልክታችን አንድ ፋኖስ ነው። ሁለት ብሰቅልስ? ሰማን ሞኝ አይደለም፣ ነገር እንዳለ ይገባዋል። መሐንዲሱም ደስ አለው። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ... ሰገነቱ አጭር ሆኖ ተቀራረቡ እንጂ።

ጥቅምት 8
መጣ። አጥሩ ሥር በጥይት መቱት።
ጠዋት ጠርተው ሬሳውን አሳዩኝ። አራርሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አላውቀውም ይበሉ" አለኝ።
አላውቀውም አልኩ። ባሌን።
የመስጊዱ ሰዎች እንደ መንገደኛ ቀበሩት። በመስኮት አየሁ። ማልቀስ አልቻልኩም፣ ለማላውቀው ሰው እንዴት ይለቀሳል?

ጥቅምት 10
ዲሪቤ መጣች። ሁለት ሰቅዬ ነበር እኮ አልኳት።
"ሻሚ ኮ፣ የኔ ሻሚ... ከኮረብታው ሲያዩት ሁለቱ አንድ ሆነው ነው የሚታዩት። ደስ ብሎት ጢሙን ተላጨ።"
አንድ ቀን እንኳ እዚያ ወጥቼ ቤቴን ባየው ምን ነበረበት? እኔ ነኝ የገደልኩት።

ጥቅምት 17
ሹሙ ከሄደ ሰነበተ። ማታ ማታ ግን ፋኖሱን አበራለሁ። ዛሬ አራርሳ መጥቶ፣ "እትዬ ሻሚ፣ በዓሉ አልቋል፣ ያጥፉት" አለ። ይብራ አልኩት። ፋኖሱን ቀና ብሎ አይቶ ሄደ።
ሁለተኛውን አውርጄዋለሁ። አንዱን ብቻ ነው የማበራው።